በቁማቸው የተተከለላቸው ድንኳን

የሰፈራችን የቲያትር ክበብ መሥራች ነኝ የሚል ሰው አሁን በዝቷል። በየሠርጉና በየተዝካሩ ሳገኛቸው እሰማለሁ። አንዱ የክበቡን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ድርሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ ይላል። አልከራከርም። ያን ጊዜ ግን አዳራሹን የሚጠርግ ሰው ሲፈለግ ከእኔ በቀር እጁን የሚያወጣ አልነበረም።

ሰበታ የመጣሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ስለ ባለቤቴና ስለ ልጆቼ እዚህ አልጽፍም፤ የእነሱ ጉዳይ የእነሱ ነው። የምጽፈው ስለ አዳራሹና በአዳራሹ ምክንያት ስላስቀየሙኝ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ነው። ሁለተኛው የክበቡ አዘጋጅ የነበረው ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ መልኩን ያውቀዋል።

አዳራሹ የእድሩ ነው። አባላቱ በየእሑዱ ብሎኬት እየተሸከሙ የሠሩት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መንገድ ዳር ሁለት የብረት በሮች ያሉት ቤት ነው። ከጀርባው የራሱ በር ያለው ክፍል አለ፤ ድንኳኑ፣ ትርፍ አግዳሚ ወንበሮቹና የለቅሶ ድስቶቹ እዚያ ይቀመጣሉ። ከፊት ለስብሰባ የተሠራ የእንጨት መድረክ አለ። መምህራን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ተሰባስበው ክበብ ሲያቋቁሙ ያንን መድረክ ለመኑ። እድሩም ፈቀደ። "ቤቱ ሁልጊዜ ለለቅሶ ብቻ ከሚሆን ልጆቹ ይሣቁበት" ያለው ዳኛው ራሱ ነበር። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን አይደለም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው።

ለማንም የሚከፈል ነገር አልነበረም። አናጢው ከሥራ ሲወጣ መጥቶ የተሰበረውን ይጠግናል። የፈትል ክፍል ልጃገረዶች ከፈረቃ ወጥተው፣ የጥጥ ብናኝ ከጸጉራቸው ላይ ሳይራገፍ፣ መድረክ ላይ ንግሥት ይሆናሉ። እኔ አዳራሹን እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ እረጫለሁ። መጋረጃውን የሰፋሁት ከፋብሪካው ውዳቂ ጨርቅ ለምኜ ነው፤ ቀለሙ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ አመድማ ነበር። ትዕይንት ሲኖር ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ አስታውሳለሁ። ሲጨበጨብ የሚወጡት እነሱ ናቸው። እኔ እስኪያልቅ እዚያው እቆማለሁ።

እድሩ የሰጠን አንድ ሕግ ብቻ ነበር። ሰው ከሞተ ወንበሩ ወዲያው ወደ ሐዘን ቤት ይሄዳል፤ ትዕይንት መሃል ብንሆንም። አንድ ጊዜ ሁለተኛው ገቢር ላይ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ተመልካቹ ተነሣ፤ ሁሉም የተቀመጠበትን አግዳሚ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር አንሥቶ ተሸክሞ ሄደ። ድንኳኑን ተክሎ፣ ሐዘንተኞቹን አጽናንቶ ተመለሰና ሦስተኛውን ገቢር መሬት ላይ ተቀምጦ አየ። ንጉሥ ሆኖ ይጫወት የነበረው ልጅ የካርቶን ዘውዱን ማውለቅ ረስቶ ድስት ተሸክሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ነበር። የሟቹ ወንድም ሳይቀር ፈገግ አለ።

ቡራዩና ሱሉልታም ሄደን አሳይተናል። በአይሱዙ ጀርባ፣ መጋረጃውን ጠቅልለን ተቀምጠንበት። ቡራዩ ላይ መብራት ጠፍቶ ተመልካቹ የስልኩን ባትሪ እያበራ አስጨረሰን። ሱሉልታ ላይ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ስለነበር ተዋናዮቹ ጋቢያችንን አናወልቅም አሉ። ስለ አዲስ አበባ ሀብታም ቤተሰብ የተጻፈ ድርሰት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጋቢ ተሠራ። ስናበቃ አንድ አዛውንት መጥተው እንዲህ ደኽይተው እንኳ መኩራታቸው ገርሞኛል አሉን። እነዚያ ጊዜያት ጥሩ ነበሩ። ከዚህ በላይ ስለ ጥሩነታቸው አልናገርም።

አዘጋጁ ወጣት መምህር ነበር። ችሎታ አለው፤ አልክድም። የጻፈው አዲስ ድርሰት ውስጥ ልጇ የሞተባት እናት ነበረች፤ ለቅሶው የድርሰቱ ልብ ነው ይል ነበር። የፈትል ክፍል ልጃገረዶች ግን ማልቀስ አልቻሉም። አንዷ "ወየው" ስትል ሌላዋ ትሥቃለች። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ለቅሶ ሙሾ የማወርደው ሰው ነበርኩ፤ ድምፄን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ለቅሶውን እንድመራና ልጆቹ እንዲከተሉኝ ለመነኝ።

ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ። የአዳራሹ አጥር የሚዋሰነው ከዳኛው እናት ቤት ጋር ነው። እማማ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዛሬ ነገ እያለ ይጠብቃል። ስለዚህ ለቅሶው በሚለማመድበት ቀን በሮቹ ይዘጋሉ፤ እኔም አስቀድሜ ሄጄ ለጥሩምባ ነፊው እነግረዋለሁ። ጥሩምባ ነፊው እዚሁ ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። ቤቱ ስደርስ "አከም ጅርቱ አዴ፣ ዛሬስ የውነት ነው የውሸት?" ይለኛል። አከም ጅርቱ አዴ፣ ደህና ነሽ እመቤቴ እንደማለት ነው። የውሸት ነው እለዋለሁ። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርገን አለቀስን፤ ማንም ከቤቱ አልወጣም።

አንድ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ። የቴሌቪዥን ድራማ የሚያዘጋጅ ሰው ነው አሉን። አዘጋጁ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠንም ነበር። ወደ ጥሩምባ ነፊው ቤት ስሄድ ተፍኪ ገበያ ወርዷል አሉኝ። ተመልሼ ዛሬ ለቅሶው ይቅር፣ ሌላውን አሳየው አልኩት። እንግዳው የመጣው እሱን ሊያይ ነው አለኝ። ቆርቆሮው ከላይ እየጋለ እንግዳው በወረቀት ያራግብ ጀመር፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አዘጋጁ አየውና ራሱ ሄዶ ሁለቱንም በሮች በረገዳቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ በሩን ዝጋ አልኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እናቴ፣ ዛሬ አታሳፍሪኝ። አንቺ ድምፅሽን ብቻ ስጪኝ" አለኝ።

ሰጠሁት። እኔ ስጀምር ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሥቁ ተከተሉኝ። ያ ለቅሶ ጥሩ ለቅሶ ነበር፤ የሠራሁትን ሥራ አውቃለሁ።

ልክ ያን ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ከተፍኪ በመጣ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ይወርዳል። ድምፄን ይሰማል። ድምፁ የሚመጣው ከዳኛው እናት ግቢ በኩል ነው። አሰበ። አዴ የውሸት ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ ካልነገረችኝ የውነት ነው። በእድሩ ደንብ ከሐዘን ቤት ሰው መጥቶ ካልነገረው በቀር ጥሩምባ አይነፋም። እሱ ግን አልጠበቀም፤ ጆንያውን መንገድ ላይ ጥሎ ጥሩምባውን ሊያመጣ ሮጠ።

እኛ ጥሩምባውን ስንሰማ እንደ ልማዳችን አቆምን። ማን ሞተ? አልን። ከመንገዱ አንድ ልጅ የዳኛው እናት ናቸው አለን። ወንበሮቹን ያነሣነው እኛው ነን። ልጃገረዶቹ አሁን የውነት እያለቀሱ፣ አግዳሚውን ከሁለት ከሁለት ይዘው በአጥሩ ዞረው ሄዱ። እንግዳው ሳይቀር አንዱን ጫፍ ያዘ። ያስነፋነው እኛ እንደሆንን ከመሃላችን አንድም ሰው አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።

ስንደርስ ድንኳኑ ግማሹ ተተክሏል። ወጣቶቹ በኋላ በር ገብተው አውጥተውት ነበር። የእማማ ቤት በር ዝግ ነው፤ የምታስታምማቸው ልጅ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች፤ ሰው ግን ከውስጥ አስከሬን እያጠቡ ነው ብሎ በአክብሮት ውጭ ቆሟል። ሴቶቹ ጓሮ እሳት አንድደው ንፍሮ ጥደዋል። ከዚያ ዳኛው ከአስፋልቱ በኩል እየሮጠ መጣ። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ አባቱ ሲቀበር እንኳ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው፣ በሙሉ ልብሱ መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ። እንደ ሕፃን ጮኸ። ያንን ለቅሶ ማንም ሊያስጠናው አይችልም።

በሩ ተከፈተ። እማማ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡና ደፉ ላይ ቆሙ።

"የማን ለቅሶ ነው?" አሉ።

 ዳኛው ከመሬት ተነሣ። ሱሪው፣ ኮቱ፣ ፊቱ ሁሉ አቧራ ነው። ከኋላ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ሣቅ አመለጠው፤ ሌሎቹም ያዛቸው። የዳኛው ፊት ሲለወጥ አየሁት። ማን ነው ያለቀሰው ብሎ ጠየቀ። ጥሩምባ ነፊው፣ የሰማሁት የአዴን ድምፅ ነው አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"እናቴን በቁማቸው አለቀሽባቸው" አለኝ። "ሟርተኛ።"

አዘጋጁ ከእንግዳው ጋር አጥሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አየሁት፤ አየኝ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አራገፈና እንግዳውን ወደ መኪናው ሸኘው። ብዙም ሳይቆይ ቴሌቪዥን ላይ አየነው።

ዳኛው ወደ ውስጥ ገባ። እኔ እማማ እግር ሥር ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ነጠላዬን ይዘው ወደ እሳቸው ሳቡኝና በጆሮዬ "ኢልሚ ኮ ቦዬ?" አሉኝ። ልጄ ነው ያለቀሰው ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ አላዩትም፤ ጩኸቱን ብቻ ነው የሰሙት። አዎ እማማ፣ እሱ ነው አልኳቸው። የጎረቤት ወንድ እንዳይሆን ብለው ደግመው ጠየቁኝ። እሱ ራሱ ነው፣ መሬት ላይ ወድቆ ነው ያለቀሰው አልኳቸው።

በእናትና በልጅ መካከል የቆየ ቅሬታ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአባቱን መሬት እናቱ ሳይወዱ ለፋብሪካ ሸጦታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት ስለ መድኃኒትና ስለ ከብት ብቻ ነው። እማማ ነጠላዬን ለቀቁት። "ለእኔ አያለቅስም ብዬ ነበር" አሉ። ከዚያ ያለ ጥርስ ሣቁና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሴቶቹ "ንፍሮው በስሏል አይደል? የመጣ ሰው ሳይበላ አይሂድ እንጂ" አሏቸው። ተበላ። እማማ ራሳቸው ከንፍሯቸው ዘገኑ።

ዳኛው ግን አልበላም። በሚቀጥለው እሑድ እድሩን ሰበሰበና አዳራሹ ውስጥ ከእንግዲህ ቲያትር እንዳይሠራ አስወሰነ። እኔ በአባላቱ ፊት ቆሜ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ የሚል አስጨመረበት። አልጠይቅም አልኩ። በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ተናገርኩ፤ አዘጋጁ አዲስ አበባ ገብቷል፣ የሌለ ሰው ስም አታንሺ ተባልኩ። ከክበቡ ልጆች የሰሙ ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። መጥረጊያውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ሟርተኛ የሚለው ስም ከእኔ ጋር ቀረ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶች ትንሽ ፈቀቅ ይሉልኛል። የታመመ ሰው ልጠይቅ ስሄድ በር ላይ አስቁመው ተኝቷል ይሉኛል። ሙሾ ማውረድ ተውኩ። እማማ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆዩ። የውነት ሲሞቱ ጥሩምባው ተነፍቶ ሰው ቶሎ አልወጣም፤ በየበሩ ቆሞ የውነት ነው የውሸት እያለ ይጠያየቅ ነበር። እኔ ሄድኩ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልናገር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እማማ በጆሮዬ ያሉኝን ለልጃቸው አልነገርኩትም። እሳቸውም እንዳልነገሩት አውቅ ነበር፤ የሚነግሩት ሴት አልነበሩም። በለቅሷቸው ቀን ድንኳኑ መሃል ሰው እንዳያየው ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ተቀምጦ ሳየው አንድ ጊዜ ልነሣ ብዬ ነበር። ከዚያ ሟርተኛ ያለኝ ትዝ አለኝ። ተቀመጥኩ። አልጸጸትም።

ክበቡ ከእኔ በኋላ ሞተ ማለት አይቻልም። ልጆች ያድጋሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ። አሁን የምትመራው ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ናት። ያላለቀ ፎቅ ቤት ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ ይለማመዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያባርራቸዋል። ባለፈው ዓመት ከክረምቱ በፊት ወደ ቤቴ መጣች። እማማ ትለኛለች፤ ሻይ አፈላሁላት። አንድ ፋብሪካ የእድሩን አዳራሽ ለጆንያ ማከማቻ ሊከራየው እንደጠየቀ ነገረችኝ። የኋላው ክፍል ለእድሩ ይቀራል፤ መድረኩ ግን ይፈርሳል። እድሩ እሑድ ይወስናል። ክበቡ አዳራሹን እንዲሰጡት ሊጠይቅ ነው፤ ነገር ግን የድሮው ውሳኔ ሳይነሣ መጠየቅ አይችልም። የድሮው ውሳኔ ደግሞ በእኔ ይቅርታ የታሰረ ነው።

"አንድ ቃል እኮ ነው እማማ" አለችኝ። "ተነሥተው ይቅርታ ይላሉ፣ ያልቃል። አዘጋጁንም ጋብዘነዋል፤ እመጣለሁ ብሏል።"

ለአንቺ አንድ ቃል ነው አልኳት። እኔ ይቅርታ ካልኩ ሟርተኛ መሆኔን በራሴ አፍ አጸናሁት ማለት ነው። እንባዋ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። በሚቀጥሉት ቀናት ጎረቤቶቼ ተራ በተራ መጡ። በአንቺ እልህ ምክንያት ስንት ልጅ ሜዳ ቀረ አሉኝ። ይህን ካሉኝ መካከል ያን ቀን አግዳሚ የተሸከመች፣ አዘጋጁ በሩን ሲበረግድ ያየች ሴት አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ስታነብ ታውቀዋለች።

እሑድ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። አዘጋጁ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከፊት ተቀምጧል፤ ልጃገረዶች ፎቶ አብረውት ይነሣሉ። ዳኛው አርጅቷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። የፋብሪካው ጥያቄ ተነበበ። ባንክ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ስለ ክበቡ ተናገረች፤ ጥሩ ተናገረች። አዘጋጁ ተነሥቶ ከዚህ መድረክ ነው የወጣሁት፣ ጥበብ ቤት ትፈልጋለች፣ በወጣትነት ጊዜ ስሕተቶች ይሠራሉ እያለ ብዙ አወራ። ተጨበጨበለት። ዳኛው ወደ እኔ ዞረና ውሳኔው የታወቀ ነው፣ የምትናገሪው ካለ እንስማ አለኝ።

ተነሣሁ። በሩን የከፈተው እኔ እንዳልሆንኩ፣ የከፈተው ሰው ከፊት እንደተቀመጠ ተናገርኩ። አዘጋጁ መነጽሩን አወለቀና "ነገሩ ቆይቷል እኮ እናቴ፣ እኔ እንኳ በደንብ አላስታውሰውም" አለ። ጥቂት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩምባ ነፊው፣ አሁን ሸምግሏል፣ ከጥግ ሆኖ "ኦቦ ዳኛ፣ ጉዳዩ የበር አይመስለኝም። የበር ከሆነማ እኔም ሳልጠራ ነፍቻለሁ" አለ።

እውነቱን ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የበሩን ነገር ይዤ ቆይቻለሁ። አዘጋጁ አዎ እኔ ነኝ የከፈትኩት ቢል እንኳ ዳኛው አዳራሹን እንደማይለቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ዳኛውን ያስቆጣው በእናቱ ላይ መሟረቴ አልነበረም። መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ ሰው አይቶት መሣቁ ነበር። ይህን ሐፍረት ከእኔ በቀር የሚያነሣለት ሰው አልነበረም። ልጅቷን አየኋት፤ ከንፈርዋን ነክሳ ትጠብቀኛለች። ልቤ አልፈቀደም። ያለኝ ነገር ግን የእማማ ቃል ብቻ ነበር።

"ኦቦ ዳኛ" አልኩት፣ "ይቅርታውን እናትዎን ያኔውኑ ጠይቄያለሁ። ተቀብለውኛል። ለእርስዎ የምለው የለኝም። ያን ቀን እማማ የጠየቁኝን ግን ልንገርዎ።"

ነገርኩት። እሳቸው እንዳሉት፣ በኦሮምኛ። ዓይናቸው ስለማያይ ያለቀሰው ልጃቸው መሆኑን ሁለት ጊዜ እንደጠየቁኝ፣ አዎ ስላቸው ለእኔ አያለቅስም ብዬ ነበር እንዳሉ፣ እንደሣቁ፣ ንፍሮውን ራሳቸው እንደዘገኑ።  ከኋላ አንዲት አሮጊት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ዳኛው ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ "እንግዲህ ይቅርታ ጠይቀዋል እንበል ወይስ አልጠየቁም?" አለው።

"ተቀመጥ" አለው ዳኛው።

 ከዚያ የድሮው ውሳኔ ይነሣ የሚል እጁን ያውጣ አለ፤ አስቀድሞ ያወጣው እሱ ነው። ፋብሪካው ሌላ ቤት ይፈልግ ተባለ። ለክበቡ አንድ ደንብ ተጨመረበት፤ ለቅሶ ያለበት ልምምድ በተዘጋ በርና ለጥሩምባ ነፊው ከተነገረ በኋላ እንዲሆን። የእኔ ደንብ ነበር፤ ማን እንዳመነጨው የተናገረ ግን የለም። ልጆቹ እየጮኹ መድረኩ ላይ ወጡ። አዘጋጁ አቀፋቸው፣ ፎቶ ተነሣና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እኔን አልተሰናበተኝም፤ እኔም አልጠበቅሁትም።

ወጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ ዳኛው ከኋላዬ ደረሰብኝ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ጥቂት አብረን ሄድን።

"ይህን ሁሉ ዓመት" አለኝ፣ "ሲሞቱ እንኳ፣ ስምሽን ሳጠፋም እንኳ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስሜን ስላጠፋህ ነዋ" አልኩት።

 እናቱ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ፤ አሁን ተከራይ ገብቶበታል፤ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። እኔ ቀጠልኩ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት የምትሠራዋ ልጅ መጥታ አዲሱ ድርሰት ውስጥ ለቅሶ አለ፣ ልጆቹ እየሣቁ አስቸገሩኝ፣ ይምጡና ይምሩልን አለችኝ። ዳኛው ጋ ሂጂ፤ መጀመሪያ እሱ ራሱ መጥቶ ምሪላቸው ብሎ ይጠይቀኝ አልኳት። እስካሁን አልመጣም።